ድልድይ፣ ድብ፣ መጋዝ፦ በምርጫ ንግግር ውስጥ ዘይቤ ምን ይሠራል?

የምርጫ ሰሞን ሲመጣ ስለ ፖለቲከኞች ንግግር ሁለት ዓይነት አስተያየት ይበዛል። አንዱ «ወሬ ነው፤ አፉ ይጣፍጣል እንጂ ውስጡ ባዶ ነው» ይላል። ሌላው ደግሞ «ሕዝቡን በቃላት አፍዝዞ አሸነፈ» ይላል። ሁለቱም ብዙውን ጊዜ የሚያወሩት ስለ አንድ ነገር ነው። ፖለቲከኛው አንዱን ነገር በሌላ ነገር ሥዕል ተናግሯል። አገርን ቤት፣ ስደተኛን ጎርፍ፣ ሙስናን ነቀርሳ፣ ራሱን ሾፌር አድርጓል።

ሁለቱም አስተያየቶች ግን ነገሩን የሳቱት ይመስለኛል። ዘይቤ ማሳመሪያ ብቻ ቢሆን ኖሮ የዘመቻ ቡድኖች አንዲት ቃል ለመምረጥ ያን ሁሉ አይደክሙም ነበር። አስማት ቢሆን ደግሞ ጥሩ ሥዕል ያገኘ ሁሉ ባሸነፈ ነበር። ታሪክ ግን እንደዚያ አይልም።

ዘይቤ የሚሠራው በሌላ መንገድ ነው። ስም ይዞ ሲመጣ ግሡን አብሮ ይዞ ይመጣል። ሙስና «ነቀርሳ» ከተባለ የሚቀጥለው ቃል «ቆርጦ ማውጣት» ነው። ስደተኛ «ጎርፍ» ከተባለ የሚቀጥለው «መገደብ» ነው። መንግሥት «ቤተሰብ» ከተባለ የሚቀጥለው «መቆጠብ» ነው። ፖለቲከኛው ምን መደረግ እንዳለበት ገና አልተናገረም። አድማጩ ግን መልሱን ራሱ ጨርሶታል። ራሱ ስለጨረሰው ደግሞ የራሱ ሐሳብ ይመስለዋል።

መጀመሪያ ቃሉን እንለየው

ሜታፎር ከግሪክ የመጣ ቃል ነው። ትርጉሙ «ማሻገር» ነው፤ ስምን ከአንድ ነገር አንስቶ ወደ ሌላ ማሻገር። በአማርኛ ተለዋጭ ዘይቤ እንለዋለን። ከተነጻጻሪ ዘይቤ የሚለየው በአንዲት «እንደ» ነው። «መሪያችን እንደ አንበሳ ነው» ካልን ተነጻጻሪ፣ «መሪያችን አንበሳ ነው» ካልን ተለዋጭ። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ግን «እንደ» ስትኖር አድማጩ ማመሳሰል መሆኑን ያውቃል፣ ከፈለገም «በምኑ ነው የሚመስለው?» ብሎ ይጠይቃል። «እንደ» ስትወጣ ጥያቄውም አብሯት ይወጣል።

መፈክርና ዘይቤም አንድ አይደሉም። መፈክር ለመደጋገም የተሠራ አጭር አባባል ነው፤ ውስጡ ዘይቤ ሊኖርም ላይኖርም ይችላል።

የቋንቋ ምሁሩ ጆርጅ ሌኮፍና ፈላስፋው ማርክ ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1980 ባሳተሙት ሥራ፣ ዘይቤ የገጣሚ ንብረት ሳይሆን ሰው ሁሉ የሚያስብበት መንገድ ነው ብለው ተከራከሩ። በዓይን የማናየውን ነገር የምንረዳው በምናየውና በምንዳስሰው በኩል ነው። ይህን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በአማርኛ ዋጋ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ጣሪያ ይነካል። ሰው ሥልጣን ላይ ይወጣል፣ ከሥልጣን ይወርዳል። ሙስና ሥር ይሰዳል። ኢኮኖሚ ያገግማል። ዋጋ እግር የለውም፣ ሙስናም ተክል አይደለም፤ ግን ይህን ስንናገር ዘይቤ መጠቀማችን ትዝ አይለንም።

«የምርጫ ዘመቻ» የሚለውንም እዩት። ዘመቻ የጦር ቃል ነው። «የምርጫ ውድድር» ደግሞ የሩጫ ሜዳ ቃል ነው። ሁለቱን እየቀያየርን እንጠቀምባቸዋለን፤ ሥዕላቸው ግን በጣም ይራራቃል። በውድድር የተሸነፈ የአሸናፊውን እጅ ጨብጦ ለሚቀጥለው ዙር ይዘጋጃል። በዘመቻ የተሸነፈ ግን ጠላት ነው።

በጀት የቤት ወጪ ሲሆን

ከሁሉም በላይ የሠራው የምርጫ ዘይቤ የትኛው ነው ብትሉኝ ይህን እጠራለሁ፦ መንግሥት ቤተሰብ ነው፣ በጀቱም የቤት ወጪ ነው የሚለውን። በብሪታንያ ማርጋሬት ታቸር በተደጋጋሚ ተጠቅመውበታል። ዴቪድ ካሜሮን ደግሞ ተቀናቃኛቸው ሌበር ፓርቲ የአገሪቱን ክሬዲት ካርድ እስከ ጥጉ አሟጦታል ይሉ ነበር። በጀርመን አንጌላ ሜርክል እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2008፣ የዓለም የገንዘብ ቀውስ በተፋፋመበት ወቅት፣ ሽቱትጋርት በተካሄደው የፓርቲያቸው ጉባኤ ላይ አንዲት የቤት እመቤት አስታወሱ። ሽቱትጋርት ያለችበት የሽዋብ አካባቢ ሕዝብ በቆጣቢነቱ ይታወቃል። የሽዋብ የቤት እመቤት ብትጠየቅ ኖሮ ሰው ለረጅም ጊዜ ከአቅሙ በላይ መኖር እንደማይችል ትነግረን ነበር አሉ። ይህች የቤት እመቤት ከዚያ በኋላ ለዓመታት ከጀርመን የበጀት ክርክር አልወጣችም።

ሥዕሉ ለምን ጠነከረ? ሁሉም ሰው ስለሚያውቀው ነው። ብሔራዊ ዕዳ፣ የበጀት ጉድለት፣ የቦንድ ወለድ የሚሉት ቃላት ለብዙ ሰው ደረቅ ናቸው። ከደመወዝ በላይ ማውጣት ምን እንደሚያመጣ ግን ማንም ያውቃል። ዘይቤው ሰዉ በኑሮው ያካበተውን ዕውቀት ተበድሮ ለፖለቲካው ይሰጠዋል። ባሕርይም ያድላል። የሚቆጥበው ኃላፊነት የሚሰማው ወላጅ ይሆናል፣ ተቃዋሚው ደግሞ የቤቱን ገንዘብ የሚረጭ አባካኝ። «ከአቅም በላይ መኖር ጥሩ ነው» ብሎ አደባባይ የሚወጣ ደግሞ የለም።

አሁን ሥዕሉ የሚደብቀውን እንይ። አንድ ቤተሰብ ወጪውን ሲቀንስ ገቢው አይነካም። መንግሥት ወጪውን ሲቀንስ ግን ደመወዝ የሚበላው ሠራተኛና ዕቃ የሚያቀርበው ነጋዴ ገቢያቸው ይቀንሳል፣ እነሱ ለመንግሥት የሚከፍሉት ግብርም አብሮ ይቀንሳል። ማለትም የመንግሥት ወጪና ገቢ እንደ ቤተሰብ ተለያይተው የሚቀመጡ ሁለት ኪሶች አይደሉም። ቤተሰብ ግብር አይጥልም። ብዙ መንግሥታት የራሳቸው ገንዘብ አላቸው፤ ቤተሰብ የለውም። ቤተሰብ ያረጃል፣ ጡረታ ይወጣል፣ ስለዚህ ዕዳውን ከዚያ በፊት መጨረስ አለበት። መንግሥት ግን የቆየውን ዕዳ በአዲስ ብድር እየተካ መቀጠል ይችላል።

ዘይቤውን የሚደግፉ ሰዎችም መልስ አላቸው፤ ቀላል መልስም አይደለም። የመንግሥት ዕዳም ወለድ አለው፣ ወለዱም ትምህርት ቤት ሊሠራ የሚችለውን ገንዘብ ይበላል። ገንዘብ ያለልክ ያተመ አገር የዋጋ ንረት ይመጣበታል። አበዳሪ እምነት ሲያጣ ደግሞ መንግሥትም እንደ ግለሰብ ይጨነቃል። ስለዚህ ማቃለል ቢሆንም ትክክለኛ ማቃለል ነው ይላሉ።

እኔ የሚያሳስበኝ ማን ልክ ነው የሚለው አይደለም። አንድ መንግሥት በሥራ አጥነት ወቅት ወጪ ይቀንስ ወይስ ይጨምር የሚለው ኢኮኖሚስቶች ለዘመናት የተከራከሩበት ጥያቄ ነው። ዘይቤው ግን ጥያቄውን ዘግቶ ነው የሚያቀርበው። ክርክሩ ወደ ቤት ውስጥ ይገባል፤ እዚያ ደግሞ መልሱ አስቀድሞ የታወቀ ነው።

ፈረስና መኪና

ሌላው የተለመደ ሥዕል ጉዞ ነው። አገር መንገደኛ፣ መሪው ነጂ፣ ምርጫው መንታ መንገድ ይሆናል። አብርሃም ሊንከን እ.ኤ.አ. በ1864 ለሁለተኛ ጊዜ ሲታጩ የእርስ በርስ ጦርነቱ አላለቀም ነበር። ወንዝ እየተሻገሩ ፈረስ መቀየር ደግ አይደለም የሚለውን የአንድ ሽማግሌ ገበሬ አባባል ጠቀሱ። ፈረሱ ጥሩ ነው አላሉም። ከዚያም አልፈው ከሁሉ የተሻልኩ ነኝ ብዬ አልደመድምም ብለዋል። ጥያቄው ስለ ፈረሱ መሆኑ ቀርቶ ስለ ወንዙ ሆነ። ለዚህ ነው በሥልጣን ላይ ያለ ሰው ሁሉ በችግር ጊዜ ይህን ሥዕል የሚወደው፤ ችግሩ ራሱ ለመቆየት ምክንያት ይሆንለታል።

ባራክ ኦባማ እ.ኤ.አ. በ2010 በኮንግረስ ምርጫ ሰሞን ከከተማ ወደ ከተማ ይዘውት የዞሩት የመኪና ታሪክ ደግሞ ሌላ ነገር ያስተምራል። መኪናው የአገሪቱ ኢኮኖሚ ነው፤ ታሪኩም በኦባማ አንደበት እንዲህ ይላል፦ ተቀናቃኞቻችን ሪፐብሊካኖቹ መኪናውን ቦይ ውስጥ ከተቱት። እኛ ጭቃ ውስጥ ገብተን ስንገፋ እነሱ ዳር ቆመው ቀዝቃዛ መጠጣቸውን ይጠጡ ነበር። አሁን መኪናው ሲወጣ ቁልፉን መልሱልን አሉ። ቁልፍ የለም፣ መንዳት አታውቁም! ከዚያ ማርሹ ይመጣል። በእንግሊዝኛ የወደፊት መሄጃው ማርሽ ምልክት (D) የዴሞክራት፣ የወደ ኋላ መሄጃው (R) የሪፐብሊካን የመጀመሪያ ፊደል ነው። ታዳሚው በሳቅና በጭብጨባ ይናወጥ ነበር።

በእኔ አስተያየት በአሠራሩ ከተዋጣላቸው የምርጫ ዘይቤዎች አንዱ ነው። ጥፋተኛ አለው፣ ደካሚ አለው፣ ማስጠንቀቂያ አለው፣ ለማስታወስም ቀላል ነው። ውጤቱስ? የኦባማ ፓርቲ በተወካዮች ምክር ቤት 63 መቀመጫ አጣ። የሥራ አጥነቱ መጠን ያኔ ከ9 በመቶ በላይ ነበር። ንግግሩ መኪናው ከቦይ ወጥቷል ይላል፤ ሥራ ፈትቶ ቤቱ የተቀመጠው መራጭ ግን ራሱን ያገኘው ቦይ ውስጥ ነው። ዘይቤ ሰው ያላየውን ነገር ሊስልለት ይችላል። በየቀኑ የሚኖረውን ኑሮ ግን በሌላ ሥዕል መተካት በጣም ይከብደዋል።

ስሙ የማይጠራው ድብ

እስካሁን ያየናቸው ዘይቤዎች ራሳቸውን አይደብቁም። ኦባማ ስለ መኪና ሲያወሩ ስለ መኪና እንዳልሆነ ሁሉም ያውቃል። ከዚህ ይልቅ በደንብ ማየት ያለብን ዝም ያሉትን ነው።

እ.ኤ.አ. በ1984 የሮናልድ ሬገን ዘመቻ አንድ አጭር የቴሌቪዥን ማስታወቂያ አሠራ። ጫካ ውስጥ አንድ ድብ ይሄዳል። ድምፁ በእርጋታ ይናገራል፦ ጫካው ውስጥ ድብ አለ፤ አንዳንዶች በቀላሉ ያዩታል፣ አንዳንዶች ጭራሽ አያዩትም፤ አንዳንዶች ለማዳ ነው ይላሉ፣ ሌሎች አደገኛ ነው ይላሉ። ማን ልክ እንደሆነ ካላወቅን የድቡን ያህል መጠንከር አይሻልም? ከዚያ አንድ ሰው ይታያል፤ ድቡ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይላል። ድቡ የሚወክላት ሶቪየት ኅብረት በስም አትጠራም። ሚሳይል የለም፣ የጦር በጀት የለም። ተመልካቹ ራሱ ይሞላዋል። አንድ ፖለቲከኛ «ለጦር መሣሪያ ብዙ ገንዘብ እናውጣ» ቢል «ለምን? ስንት?» ይባላል። ድብን ግን ማን ይጠይቃል?

ከዚያም የባሰ ዝምተኛ አለ፤ በአንድ ቃል ውስጥ የተቀመጠ። ጆርጅ ደብሊው ቡሽ ግብር ቅነሳን «የግብር እፎይታ» ይሉት ነበር፤ ሌኮፍም ይህን ደጋግሞ በምሳሌነት አንስቶታል። እፎይታ የሚያስፈልገው የተጨነቀ ወይም የታመመ ሰው ነው። ስለዚህ ግብር በሽታ ሆነ፣ ግብር የሚቀንሰው ሐኪም፣ የሚቃወመው ደግሞ በሽተኛን መድኃኒት የሚከለክል ጨካኝ። ዜናው ቃሉን ተቀብሎ አነበበው፣ ተቃዋሚዎቹም ሲቃወሙ ያንኑ ቃል ተጠቀሙ። ግብር መንገድና ሆስፒታል ይሠራል የሚለው ሐሳብ በዚህ ሥዕል ውስጥ መቆሚያ ቦታ የለውም።

እዚህ ላይ ሰምና ወርቅን ማስታወስ ልዩነቱን ግልጽ ያደርገዋል። ቅኔ የሚሰማ ሰው ወርቅ እንዳለ አስቀድሞ ያውቃል። ሰሙን እያቀለጠ ይፈልገዋል፣ ሲያገኘውም ይደሰታል። የምርጫ ንግግር የሚሰማ ሰው ግን ፈልግ አልተባለም። ሰሙን ብቻ ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል፣ ወርቁ ደግሞ ከምርጫው በኋላ ፖሊሲ ሆኖ ይመጣል።

ዘይቤ በእጅ ሲያዝ

ቪዲዮ ከቃል ይልቅ በሚሮጥበት ዘመን ዘይቤውም ዕቃ እየሆነ መጥቷል። ዊልያም ሩቶ በኬንያ እ.ኤ.አ. በ2022 ምርጫ የፓርቲያቸው ምልክት ያደረጉት ባለ አንድ ጎማ የእጅ ጋሪ ነበር። ራሳቸውን «ሀስለር» ከሚሉት ወገን፣ ማለትም ሮጦና ጥሮ ግሮ ከሚያድረው ሕዝብ ጋር አሰለፉ፤ በሌላ በኩል ያሉትን ደግሞ የገዢ ቤተሰብ ልጆች አሏቸው። ሥዕሉ ለወጣቱ ቅርብ ነበር። ግን ሩቶ ለዘጠኝ ዓመታት ያህል የአገሪቱ ምክትል ፕሬዚዳንት ነበሩ። ጋሪው ያንን ከዓይን አራቀው። በ50.49 በመቶ ድምፅ አሸነፉ።

ሀቪየር ሚሌይ በአርጀንቲና እ.ኤ.አ. በ2023 በየሰልፉ የሞተር መጋዝ ያስነሱ ነበር። ዓመታዊ የዋጋ ንረቱ ከ100 በመቶ በላይ በሆነበት አገር «የመንግሥትን ወጪ እቆርጣለሁ» ማለት አዲስ ነገር አይደለም። መጋዙ ግን ድምፅ አለው፣ ጭስ አለው፣ ቁጣ አለው። ለሁለተኛው ዙር የደረሱት በዚህ ምስል ነው፤ በኖቬምበርም ወደ 56 በመቶ በሚጠጋ ድምፅ አሸነፉ። ይህንኑ ፖሊሲ በቀዶ ሐኪም ምላጭ መሳል ይቻል ነበር። ምላጭ ግን ጥንቃቄ ነው፤ የትኛው ይቆረጥ፣ የትኛው ይቅር ያስብላል። መጋዝ ይህን ጥያቄ አያስነሳም። ቅርንጫፉ ላይ ማን እንደተቀመጠም አያሳይም።

ቦሪስ ጆንሰን ደግሞ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2019፣ ምርጫው ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ትልቅ ቁፋሮ ማሽን ነድተው የስፖንጅ ሸክላ ግድግዳ ጥሰው ወጡ። ግድግዳው ላይ የተጻፈው ነገሮች ተቆላልፈው መቆማቸውን የሚናገር ቃል ነበር። የብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት መውጣት በአንድ ምት የሚፈርስ ግድግዳ ሆነ። በ80 መቀመጫ ብልጫ አሸነፉ። የንግድ ስምምነቱ ድርድር ግን ያበቃው በቀጣዩ ዓመት ዲሴምበር 24 ነው። ግድግዳ ከፈረሰ ፈረሰ ነው፤ ድርድር ግን እንደዚያ አያልቅም።

እውነት ሐሳብ ያስቀይራል?

እዚህ ላይ ተመራማሪዎች አይስማሙም። ፖል ቲቦዶና ሌራ ቦሮዲትስኪ እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጡት ጥናት በጣም ይጠቀሳል። ስለ አንዲት ምናባዊ ከተማ ወንጀል አጭር ጽሑፍ ለሰዎች ሰጡ። ለግማሾቹ ወንጀል «አውሬ» ነው ይላል፣ ለግማሾቹ «ቫይረስ» ነው ይላል፤ ቁጥሮቹ ግን አንድ ናቸው። አውሬ ያነበቡት ሦስት አራተኛ ያህሉ ፖሊስና እስር ይጠናከር አሉ። ቫይረስ ካነበቡት ውስጥ ይህን ያሉት ከግማሽ በጥቂት የሚበልጡ ናቸው፤ የቀሩት ሥሩን ፈልጎ ማከም፣ ማኅበራዊ ሁኔታውን ማሻሻል የሚል መልስ ሰጡ። ከሁሉ የገረመኝ ሌላው ነው። ለምን እንዲህ እንዳሉ ሲጠየቁ አብዛኞቹ የጠቆሙት ቁጥሮቹን ነበር። ዘይቤውን የጠቀሰ የለም ማለት ይቻላል።

ከሦስት ዓመት በኋላ ግን ጄራርድ ስቴንና ባልደረቦቹ ጥናቱን በተሻሻለ መንገድ ደገሙት፤ የዘይቤው ተጽዕኖ አልተገኘም። ዘይቤ ባይኖርም የሰዎቹ መልስ ያው ሊሆን ይችላል አሉ። የመጀመሪያዎቹ ተመራማሪዎችም መልሰው ሞክረው ተጽዕኖው አለ፣ ግን ሁሉም ላይ እኩል አይደለም ብለዋል።

ከዚህ ተነሥቶ «ዘይቤ ምንም አይሠራም» ማለት ችኮላ ነው። በሙከራ ውስጥ ሰው ዘይቤውን አንድ ጊዜ ያነባል። በምርጫ ሰሞን ለወራት፣ በየሰልፉና በየስልኩ ይሰማዋል፣ ጎረቤቱም ይደግምለታል። በሌላ በኩል አንድ ንግግር የጸና ደጋፊን ወደ ሌላ ፓርቲ ያሻግራል ብሎ መጠበቅም አይቻልም። ለእኔ ይበልጥ አሳማኝ የሚመስለው መካከለኛው ነው፦ ዘይቤ ብዙ የሚሠራው ሰው ገና ጠንካራ አቋም ባልያዘበት፣ ነገሩም ውስብስብ በሆነበት ቦታ ነው። ለደጋፊ ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው። በልቡ ያለውን ለሌላ ሰው የሚናገርበት አጭር ቃል ይሰጠዋል።

ሰው ተባይ ሲባል

ስም ግሡን ይዞ ይመጣል ብለናል። ይህ በጀት ላይ ሲሆን መዘዙ የፖሊሲ ስህተት ነው። ሰው ላይ ሲሆን ግን ሌላ ነው።

መንገዱ ብዙ ጊዜ በጦርነት ቋንቋ ይጀምራል። ሊንደን ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1964 በድህነት ላይ ጦርነት አወጁ። ድህነት ሰው ስላልሆነ ጦርነቱ የሚተኮስበት አካል አልነበረውም። ሪቻርድ ኒክሰን እ.ኤ.አ. በ1971 አደንዛዥ ዕፅን ቀዳሚ የሕዝብ ጠላት ሲሉት ግን ሥዕሉ ተለወጠ። ዕፅ ሻጭና ተጠቃሚ አለው፤ ጠላቱ ፊት አገኘ። ጦርነት ውስጥ ደግሞ የሚጠራጠር ሰው ከሃዲ ነው፣ መካከለኛ ቦታም የለም።

ከጠላት ቀጥሎ ተባይ ይመጣል። ከጠላት ጋር ቢያንስ ሰላም መፈራረም ይቻላል፣ እጁን ቢሰጥም ይማረካል። ከበረሮ ጋር የሚደራደር የለም። ግሡ አንድ ብቻ ነው፦ ማጽዳት። እ.ኤ.አ. በ1994 በሩዋንዳ ቱትሲዎች በሬዲዮ «ኢንየንዚ»፣ በረሮ፣ ይባሉ ነበር። ዓለም አቀፉ የሩዋንዳ የወንጀል ችሎት በዲሴምበር 2003 ሦስት የመገናኛ ብዙኃን ሰዎችን ጥፋተኛ አድርጓል። የሬዲዮው ሚና ይጋነናል፣ እልቂቱን የፈጸመው የተደራጀ ኃይል ነው የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ። እርግጥ ነው፣ ቃል ብቻውን ሰው አይገድልም። የገዳዩን ሥራ ግን «ጽዳት» ብሎ ሊጠራለት ይችላል።

ይህ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። ዶናልድ ትራምፕ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2023 በኒው ሃምፕሸር ባደረጉት የምርጫ ንግግር ተቀናቃኞቻቸውን ተባይ አሏቸው። በቀጣዩ ወር ደግሞ ስደተኞች የአገራችንን ደም እየመረዙ ነው አሉ። ተቺዎች ይህ የናዚዎች ቋንቋ ነው ሲሉ ተቃወሙ፤ የትራምፕ ወገን ንጽጽሩን አልተቀበለም። ተናጋሪው ምን አስቦ ነው የሚለው ሁልጊዜ ያከራክራል። ሥዕሉ የሚያመጣው ግሥ ምንድን ነው የሚለው ግን ብዙም አያከራክርም።

በምን ይመለሳል?

ዘይቤን ከፖለቲካ እናስወግድ የሚል ሐሳብ አዲስ አይደለም። የእንግሊዙ ፈላስፋ ቶማስ ሆብስ እ.ኤ.አ. በ1651 ዘይቤን ከቋንቋ አላግባብ አጠቃቀሞች መካከል ቆጥሮታል፤ ሰው ያታልላል ብሎ። ያው ሆብስ ግን መንግሥትን ግዙፍ ሰው ሠራሽ ሰው አድርጎ ነው የሳለው። ያለ ዘይቤ ስለ መንግሥት መናገር የሚቻል አይመስልም።

የሚቻለው ሥዕሉን መሳብና መዘርጋት ነው። የኒውዮርክ አገረ ገዢ የነበሩት ማሪዮ ኩሞ እ.ኤ.አ. በ1984 በዴሞክራቶች ጉባኤ ላይ ያደረጉት ይህን ነበር። ሬገን አሜሪካን ኮረብታ ላይ የምታበራ ከተማ ይሏት ነበር። ኩሞ ከተማ አይደለችም አላሉም። ከቤተ መንግሥቱ በረንዳ ላይ ሆነው የማያዩት ሌላ የከተማዋ ክፍል አለ አሉ፤ የቤት ብድራቸውን መክፈል ያቃታቸው ሰዎች የሚኖሩበት። ንግግሩ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። ሬገን ግን ከ50ዎቹ ግዛቶች 49ኙን አሸነፉ።

በሕንድ ደግሞ ናሬንድራ ሞዲ ራሳቸውን የአገሪቱ ዘበኛ አሉ። ተቀናቃኛቸው ራሁል ጋንዲ በተዋጊ ጄት ግዢ ላይ ጥያቄ አንሥተው «ዘበኛው ሌባ ነው» ብለው መለሱ። ብልህ መልስ ይመስላል። ሞዲ ግን በማርች 2019 በትዊተር ስማቸው ፊት «ዘበኛ» የሚል ጨመሩ፤ ደጋፊዎቻቸውም «እኔም ዘበኛ ነኝ» እያሉ ተከተሏቸው። አሁን ዘበኛው ሌባ ነው ማለት እነዚያን ሁሉ ሌባ ማለት ሆነ። ፓርቲያቸው 303 መቀመጫ አገኘ። የጋንዲ ስድብ የተቀመጠው በተቀናቃኛቸው ሥዕል ውስጥ ነበር፤ በተደጋገመ ቁጥር ዘበኛውም አብሮ ይጠራል።

የተሳካለት መልስ ምን ይመስላል? እ.ኤ.አ. በኦገስት 1996 የ73 ዓመቱ ሪፐብሊካን ቦብ ዶል ሳንዲያጎ ላይ የፓርቲያቸውን ዕጩነት ሲቀበሉ፣ እርጋታና እምነት ወደነበረበት ዘመን ድልድይ ልሁናችሁ አሉ። ተፎካካሪያቸው ፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተን ከሁለት ሳምንት በኋላ ቺካጎ ላይ ቆመው ድልድዩን አልነቀፉም። ወዴት ነው የሚወስደው ብለው ጠየቁ እንጂ። ወዳለፈው የሚወስድ ድልድይ አያስፈልገንም፣ ወደ 21ኛው ክፍለ ዘመን የሚወስደውን እንሥራ አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ምርጫው ድረስ ድልድዩ የክሊንተን ነበር።